ከማፍረስዎ በፊት ኮርኒሱን ገልጠው ይዩ

ሰላም ለእናንተ ይሁን አንባቢዎቻችን። ሰሞኑን ከሰሜን ሸዋ የመጣው ጥያቄ በዝቶብናል። አብዛኛው ስለ አሮጌ የንግድ ሕንፃ ነው። ይበርዳል፣ ወይ ይሞቃል፣ መብራት ይበላል፣ ይፍረስ ወይስ ይጠገን የሚል። አራቱን መርጫለሁ። የመጀመሪያው ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፤ የብዙዎቻችሁ ጉዳይ እሱ ውስጥ አለና።

ጥያቄ፣ ከደብረ ብርሃን

«ዋናው መንገድ ዳር ባለ ሁለት ፎቅ የንግድ ቤት አለኝ። በ1980ዎቹ መጨረሻ ያሠራሁት ነው። ምድሩ ሱቅ ነው፣ ላዩ ቢሮና ልብስ ስፌት። ተከራዮቼ በብርድ አለቁ። ሁሉም የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ይሰካል፣ ብሬከሩ ይወርዳል፣ ጠብ ይነሳል። ልጆቼ አፍርሰን በመስታወት እንሥራው ይላሉ። አንድ ኮንትራክተር ደግሞ ሳይፈርስ በአልሙኒየም ክላዲንግ እናልብሰው አለኝ። ስለ ካርቦን የሚያወራም ሰው አጋጥሞኛል። ገንዘቤን የት ላይ ባውለው ይሻለኛል?»

መልስ፦ ጋሼ፣ አያፍርሱት። አምዱና ሶሌታው ደህና እስከሆነ ድረስ አያፍርሱት።

ለምን እንደምል ላስረዳ። ሲሚንቶ የሚሠራው የኖራ ድንጋይ በከባድ እሳት ተቃጥሎ ነው። እሳቱ የራሱ ጭስ አለው፤ ግን ከእሳቱ የሚበልጠው ካርቦን የሚወጣው ከድንጋዩ ከራሱ ነው። አንድ ኩንታል ሲሚንቶ ሲመረት እንደ አሠራሩ ከ60 እስከ 90 ኪሎ ካርቦንዳይኦክሳይድ አየር ላይ ይለቀቃል። አንድ ሊትር ናፍጣ ሲነድ የሚለቀው 2.7 ኪሎ ገደማ ነው። እንግዲህ አንዷ ኩንታል ወደ 30 ሊትር የሚጠጋ ናፍጣ እንደማንደድ ናት። የእርስዎ ሕንፃ ያኔ ስንት መቶ ኩንታል እንደጠጣ እርስዎ ከእኔ የበለጠ ያውቁታል። ያ ካርቦን ወጥቷል፣ አይመለስም። ካፈረሱት ግን ሲሚንቶውንም ፌሮውንም አንድ ብለው እንደገና ሊከፍሉ ነው፤ በብርም በጭስም።

ስለ ካርቦን ያወራዎት ሰው አልተሳሳተም። ግን የኛ አገር ነገር ከፈረንጆቹ ይለያል። እነሱ ሕንፃቸውን የሚያሞቁት በብዛት በጋዝ ስለሆነ ማሞቂያ በቀነሱ ቁጥር ጭስ ቀነሱ ማለት ነው። እኛ ጋ መብራቱ ከሞላ ጎደል ሁሉም ከውኃ ነው፣ የተወሰነው ከነፋስ። የሕዳሴ ግድብ ብቻውን 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ይዞ ተመርቋል። ስለዚህ ማሞቂያ ቢያጠፉ የሚድነው በቀጥታ ኪስዎ ነው። ካርቦኑ ያለው ሌላ ሦስት ቦታ ነው። ሲሚንቶና ብረቱ ላይ አለ፣ መብራት ሲጠፋ የሚነሳው ጄኔሬተር ላይ አለ፣ ተከራዩ ብርዱን መቋቋም አቅቶት በሚያቀጣጥለው ከሰል ላይ አለ። ሕንፃዎ ሙቀት መያዝ ከቻለ ሁለቱ ይቀንሳሉ። ካላፈረሱት ደግሞ የመጀመሪያው ጨርሶ ቀረ።

ኪሱንም ቀላል አይበሉት። የመብራት ታሪፉ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ለአራት ዓመት በየሦስት ወሩ ከፍ እያለ እንዲሄድ ተወስኗል። 2,000 ዋት የሚጎትት ማሞቂያ ለስምንት ሰዓት ቢሠራ 16 ኪሎዋት ሰዓት በላ ማለት ነው። አሥር ተከራይ እንዲህ ቢሰካ በቀን 160። ብሬከሩ ቢወርድ አይፈረድበትም።

አሁን ወደ ሥራው እንምጣ። አንድ ፓኬት ሰንደል ይግዙ። ነፋሻ በሆነ ቀን አመሻሽ ላይ አንዷን ለኩሰው በየመስኮቱና በየበሩ ጠርዝ ቀስ እያሉ ያዙሩ። ጭሱ ቀጥ ብሎ ከወጣ ደህና ነው። ወደ ውስጥ ከታጠፈ ወይም ተስቦ ከወጣ እዚያ ቀዳዳ አለ። በቾክ ምልክት ያድርጉበት። እኔ እንደርስዎ ቤት ዓይነት አንድ ሕንፃ ላይ ይህን ስናደርግ ከስፌት ቤቱ ጀመርን። ልብስ ሰፊው መስኮቱ ሥር ነው የሚቀመጠው። በብረቱና በመስታወቱ መሃል ያለውን ስንጥቅ በቁርጥራጭ ጨርቅ ጠቅጥቆታል፣ በመቀስ ጫፍ እየገፋ፣ ቀዩም ሰማያዊውም ጨርቅ እንደ ጥልፍ ተደርድሯል። ሰንደሉን ጠጋ ስናደርገው ጭሱ በጨርቁ መሃል እንኳ ጥምዝ ብሎ ወደ ሰውዬው ፊት ሄደ። ጋቢውን ከትከሻው ላይ አላወረደም ነበር፤ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነው ይህ ሁሉ።

ያ ስንጥቅ የሚደፈነው በሲልከንና በጎማ ነው። የሚከፈተው መስኮት ጠርዝ ላይ የሚለጠፍ ጎማ፣ የማይከፈተው ላይ ሲልከን። በሩ ሥር የሚደረግ ብሩሽ ወይም ጎማም አለ። ከሁሉም ርካሹ ሥራ ይህ ነው፣ መጀመሪያም መሠራት ያለበት ይህ ነው።

ቀጥሎ ኮርኒሱን አንድ ቦታ ገልጠው በባትሪ ይዩ። እርግጠኛ ነኝ ከችፑዱ በላይ ቆርቆሮ እንጂ ሌላ ምንም የለም። ሙቀት ወደ ላይ ነው የሚሸሸው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ውርጭ ሲወርድ ቆርቆሮው ሌሊቱን እንደ በረዶ ይቀዘቅዛል፣ ጠዋት ቢሮ የሚገባው ሰው ማሞቂያውን ሲለኩስ የሚያሞቀው ቆርቆሮውን ነው። ከኮርኒሱ በላይ 10 ሳንቲ ውፍረት ያለው የሙቀት መከላከያ ቢነጠፍበት በዚያ በኩል ከሚሸሸው ሙቀት ከስድስት እጅ አንድ እጅ ገደማ ብቻ ይቀራል። በገበያ ያለው የፋብሪካ ውጤት ይሆናል። ግን እኔ ሁልጊዜ የሚቆጨኝ ነገር አለ፤ ሰሜን ሸዋ የበግ አገር ነው። የመንዝ ሰው ብርዱን በባናና በበርኖስ ነው ያሸነፈው። የበግ ሱፍ ሙቀት በመያዝ ከፋብሪካው ብዙም አያንስም፣ በሌላው ዓለም ተዘጋጅቶ ለጣሪያ ይሸጣል። ዝም ብሎ የተሸለተውን ግን አይነጥፉ። በደንብ ታጥቦ ቅባቱ መውጣት አለበት፣ ብል እንዳይበላው ቦራክስ በሚባል ጨው መታከም አለበት፣ ጣሪያው የሚያፈስ ከሆነም መጀመሪያ እሱ ይጠገን። እርጥብ ሱፍ ሙቀት አይዝም፣ ይሸታል እንጂ። የኤሌክትሪክ መስመሩንም ቅድሚያ ባለሙያ ይየው። የሠላሳ ዓመት ሽቦ ላይ መከላከያ ጭኖ መርሳት እሳት መጋበዝ ነው።

መስኮቱን በአልሙኒየም ልቀይረው ወይ ብለው እንደሚያስቡ አውቃለሁ። ነጠላ መስታወት ያለው አልሙኒየም ከነጠላው ብረት ብዙም አይሻልም፣ አልሙኒየም ራሱ ቅዝቃዜ አሳላፊ ነው። ይልቅ የብረቱን መስኮት እዚያው ትተው ከውስጥ በኩል ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ርቀት ሁለተኛ ባለ እንጨት ፍሬም መስታወት ያስገቡ። በመስኮቱ የሚወጣው ሙቀት በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። የመንገዱም ጩኸት አብሮ ይቀንሳል፣ ይህን ሲኖ ትራክ በደጃፉ የሚያልፍበት ሰው ያውቀዋል። ነባር መስኮት ጠግኖ መጠቀም የድሃ ሥራ እንዳይመስልዎ። ኒውዮርክ ያለው ኢምፓየር ስቴት ሕንፃ እ.ኤ.አ. በ1931 የተሠራ ነው። ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት ሲታደስ 6,514 መስኮቶቹን አልጣሉም። መስታወቱን እያወጡ እዚያው ሕንፃ ውስጥ ባዘጋጁት ወርክሾፕ መሃሉ ስስ ፕላስቲክ አስገብተው መልሰው ገጠሙት። ከሌሎቹ ሥራዎች ጋር ተደምሮ የሕንፃውን የኃይል ፍጆታ በ38 በመቶ ለመቀነስ ነበር ዕቅዱ። እኛም ሩቅ ሳንሄድ አዲስ አበባ ያለው የአፍሪካ አዳራሽ አለን። እ.ኤ.አ. በ1961 የተሠራ ነው፣ ሳይፈርስ ታድሶ በ2024 ተከፍቷል።

ክላዲንጉን በተመለከተ አቋሜ ጠንካራ ነው። ለመልክ ተብሎ የሚለጠፍ ክላዲንግ ብርድ አይከለክልም። መሃሉ ፕላስቲክ የሆነው ዓይነት ደግሞ አደገኛ ነው። ለንደን ውስጥ ግሬንፌል የሚባለው የመኖሪያ ሕንፃ እድሳት ብለው እንዲህ ያለ ነገር አልብሰውት እ.ኤ.አ. በ2017 እሳት ሲነሳ ነበልባሉ በክላዲንጉ ላይ ሽቅብ ሄዶ 72 ሰው ሞተ። ኮንትራክተሩ የመሃሉ ማቴሪያል ምን እንደሆነ በጽሑፍ ካልሰጠዎ እሺ አይበሉ።

አንድ የመጨረሻ ነገር፣ እባክዎ ይህን ለተከራዮችዎ በቃል ይንገሩ። ቀዳዳው ከተደፈነ በኋላ ቤት ውስጥ ከሰል ማቀጣጠል ክልክል መሆን አለበት። እኔ በምሠራበት ቢሮ አንድ ታኅሣሥ መስኮቱን አሳምረን ደፈንን፣ ከሰሉን ግን አላስወጣንም። በሁለት ሰዓት ውስጥ ሦስታችንም ራሳችንን ያዝን፣ አንዷ ባልደረባችን አስመለሳት። እኛ ብርዱ ነው ብለን ነበር። በሩን ሊከፍት የገባ የጥበቃ ሠራተኛ ነው ያተረፈን። የከሰሉ መርዝ ሽታ የለውም፣ አይታይም። የድሮው ስንጥቅ ሳናውቀው ያድነን ነበር። ስለዚህ በየክፍሉ ከላይ በኩል ሊዘጋ የማይችል ትንሽ የአየር መተንፈሻ ይተው። የሰው ትንፋሽ እርጥበትም ይወጣበታል፣ አለበለዚያ ግድግዳው ይሻግታል።

ጥያቄ፣ ከመሐል ሜዳ

«የ18 ክፍል ሆቴል አስተዳድራለሁ። ሕንፃው የቆየ ነው። በየክፍሉ 50 ሊትር ቦይለር አለ። እንግዳ ኖረም አልኖረም ቆጣሪው ይሮጣል። ሶላር እናስገባ ስል ባለቤቱ ውርጭ ያፈነዳዋል አሉ። እውነት ነው?»

መልስ፦ እህቴ፣ ባለቤቱ ግማሽ እውነት አላቸው። መጀመሪያ ግን የቆጣሪውን ነገር እንየው።

50 ሊትር ውኃ ከ15 ዲግሪ ወደ 55 ለማሞቅ 2.3 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይፈልጋል። ይህ እንግዳ ሲታጠብበት የሚወጣ ወጪ ነው፣ ይሁን። የሚያናድደው ሌላው ነው። ማንም ሳይነካው ሞቆ የተቀመጠ ቦይለር በቀን 1 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ለግድግዳው ያስረክባል፤ እንደናንተ ያለ ብርድ አገር ያረጀው ቦይለር ከዚያም ይብሳል። በ18 አባዙት። ባዶ ሆቴል በየቀኑ 18 ኪሎዋት ሰዓት ይከፍላል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። የእያንዳንዱ ክፍል ቦይለር ማብሪያ ከክፍሉ ውጭ ወይም እንግዳ መቀበያው ጋ ይሁን፣ እንግዳው ሲመዘገብ ይበራ፣ ቁልፍ ሲመልስ ይጥፋ። 50 ሊትር ለማሞቅ እንደ ቦይለሩ ኃይል ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ገደማ ይበቃል። መቆጣጠሪያው እስከ ጫፍ ተጠምዝዞ ከሆነ ወደ 60 ዲግሪ ይመልሱት፣ ከዚያ በታች ግን አያውርዱት፤ ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ባክቴሪያ ይራባል። የሻወር ራሱንም ይመልከቱ። በባልዲና በስልክ ሰዓት ይለኩት። በደቂቃ 15 ሊትር የሚያወርድ ከሆነ 8 ሊትር በሚያወርድ ይቀይሩት፣ እንግዳው ልዩነቱን ብዙም አያውቀውም።

አሁን ሶላሩ። ጠፍጣፋው ዓይነት፣ ውኃው በቀጥታ በመዳብ ቧንቧ የሚያልፍበት፣ የመንዝ ውርጭ ሊሰነጥቀው ይችላል። ባለቤቱ ያሉት ይህንን ነው። ድርብ የመስታወት ቱቦ ያለውና መሃሉ አየር የተመጠጠው ዓይነት ግን ብርዱን በጣም ይቋቋማል፤ ልክ እንደ ቴርሞስ ነው አሠራሩ። ከዚያ ወደ ክፍል የሚወርደው ቧንቧ ግን ራቁቱን ከሆነ እሱ ራሱ ይፈነዳል። በፎም መጠቅለል ግዴታ ነው፣ ፎሙንም ፀሐይ እንዳትበላው ከላይ ይሸፈን። በበጋ ሰማዩ ጥርት ሲል ፀሐዩ ከበቂ በላይ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ግን ደመናው ስለማይለቅ ቦይለሩን አይጣሉት፣ ተባባሪ ሆኖ ይቆይ። ጣሪያው አሮጌ እንጨት ከሆነ ውኃ የሞላ ታንከር ከመሸከሙ በፊት ግንበኛም አናጢም ወጥቶ ይየው። 200 ሊትር ማለት ሁለት ኩንታል ነው።

ጥያቄ፣ ከሸዋሮቢት

«የመድኃኒት መደብር አለኝ። ሕንፃው አሮጌ ነው፣ ጣሪያው የዛገ ቆርቆሮ፣ ፊቱ ወደ ምዕራብ። ከሰዓት በኋላ ምድጃ ነው። ኤሲ ልገዛ ነው፣ ስንት ፈረስ ይበቃኛል?»

መልስ፦ ወንድም ዓለም፣ ኤሲውን ለሁለት ወር ያቆዩት።

ከጣርማበር ቁልቁል ወርደው ሸዋሮቢት ሲደርሱ ሌላ አገር ነው፣ ከ1,300 ሜትር በታች። እዚያ ላይ ቤት ሙቀት እንዲይዝ እንለፋለን፣ እናንተ ጋ እንዳይገባ ነው የሚለፋው። የዛገ ቆርቆሮ የሚያርፍበትን ፀሐይ አብዛኛውን ይውጣል። ዝገቱን በብሩሽ አስፍቀው፣ አንቲረስት አስቀብተው፣ ላዩን ለጣሪያ በተሠራ ነጭ ቀለም ያስቀቡት። ንጹሕ ነጭ ቀለም ከሚያርፍበት ፀሐይ 70 በመቶ ገደማ ወይም ከዚያ በላይ መልሶ ይወረውራል። አቧራ ሲለብስ ይቀንሳል፣ በየዓመቱ ይታጠብ። ከቆርቆሮውና ከኮርኒሱ መሃል ያለው የታፈነ አየር እንዲወጣ በሁለቱም ጫፍ ወፍ በማያስገባ ወንፊት የተሸፈነ ቀዳዳ ይከፈት።

ከዚያ የምዕራቡ ፊት። ብዙ ሰው በደቡብ በኩል ጥላ ይሠራል፣ ግን እናንተ ጋ ከሚያዝያ መጀመሪያ ሳምንት እስከ ነሐሴ 20 ገደማ ቀትር ላይ ፀሐይዋ ወደ ሰሜን ያዘነበለች ናት። ያ ደግሞ ሙቀቱ የሚብስበትን ግንቦትና ሰኔን ይይዛል። የምታሰቃይዎት ከሰዓት ዝቅ ብላ በመስታወቱ የምትገባዋ ናት። መጋረጃ ከውስጥ ቢሰቅሉ ሙቀቱ አንዴ ገብቷል። ጥላው ከውጭ ይሁን፤ ወደ ታች የሚንጠለጠል ሸራ ወይም የቀርከሃ ድርድር ይበቃል፣ ቦታ ካለ ደግሞ ዛፍ ይትከሉ።

ይህ ሁሉ ተሠርቶ አሁንም መድኃኒቱ ከ25 ዲግሪ በታች መቀመጥ ካለበት፣ አዎ፣ ያኔ ኤሲ ያስፈልጋል። ግን ሱቁን ሙሉ አያቀዝቅዙ። መድኃኒቱ የሚቀመጥበትን ክፍል ብቻ በደንብ ዘግተው፣ ትንሿን ይግዙ። ደንበኛ የሚቆምበት ጋ 60 ዋት የጣሪያ ማራገቢያ ይበቃል።

ጥያቄ፣ ከደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ

«የኮምፒውተር ማሠልጠኛ ተከራይቼ ነው የምሠራው። አምፖሎቹ የድሮዎቹ ረጃጅሞቹ ናቸው፣ ይጮኻሉ። ጄኔሬተርም አለ፣ ናፍጣው ጨረሰኝ። ለአከራዬ ብነግራቸው ‹መብራት ከፋዩ አንተ፣ እኔ ምን ቸገረኝ› አሉኝ። ባስጠግነው ደግሞ ነገ ኪራይ ይጨምሩብኛል። ምን ላድርግ?»

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጥያቄህ ከሁሉም ይከብዳል፣ ምክንያቱም ነገሩ የሰው እንጂ የሽቦ አይደለም። አሳዳሹ ባለቤቱ፣ ትርፉ የተከራዩ። በዓለም ላይ ስንትና ስንት አሮጌ ሕንፃ ሳይጠገን የቀረው በዚሁ ነው።

የራስህን መጀመሪያ ጨርስ። የድሮው 36 ዋት አምፖል ከነባላስቱ፣ ማለትም አብሮት ከተገጠመው የኤሌክትሪክ መቆጣጠሪያ ጋር፣ 45 ዋት ገደማ ይበላል፣ የሚጮኸውም ባላስቱ ነው። ኤልኢዲው 18 ዋት ነው። አሥራ ሁለት አምፖል ቢኖርህ፣ በቀን አሥር ሰዓት፣ በወር 26 ቀን፣ ወደ 84 ኪሎዋት ሰዓት ታተርፋለህ። ይህ የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም፣ ስትለቅም ነቅለህ ትወስደዋለህ። አሮጌዎቹን ግን አትስበራቸው፣ ውስጣቸው ሜርኩሪ አለ።

ጄኔሬተርህ ስንት ኪሎዋት ነው? ትልቅ ጄኔሬተር ትንሽ ጭነት ይዞ ሲሠራ ናፍጣውን ያባክናል። 20 ኪሎዋት የሚችለው 3 ኪሎዋት ሲጎትት በሊትር የሚሰጥህ መብራት ያሳዝናል። ላፕቶፕና ኤልኢዲ ብቻ ከሆነ ለሁለት ለሦስት ሰዓት የሚሆን ኢንቨርተርና ባትሪ ይበቃሃል። መብራት ሲመጣ ይሞላል። ጭሱም ጩኸቱም ቀረ።

አከራይህ ጋ በቅሬታ አትሂድ፣ የሦስት ወር ቢል ይዘህ ሂድ። እንዲህ በላቸው፦ «አባቴ፣ ቤቱን እኔ ላስጠግን፣ ወጪውን በሁለት ዓመት ከኪራይ ይታሰብልኝ፣ ለሦስት ዓመት ደግሞ ኪራይ አይጨመርብኝ።» ወይም እሳቸው ያስጠግኑና ከሚቀንስልህ የመብራት ሒሳብ ግማሹን ኪራይ ላይ ይጨምሩ። ሁለቱም ፍትሐዊ ነው። ሌላ ተከራይ ካለ አብራችሁ ግቡ፣ ሦስት ሰው ሲናገር ይሰማል። ቆጣሪ የምትጋሩ ከሆነ ለየብቻ የሚቆጥር ትንሽ ቆጣሪ በየክፍሉ ይገባ፤ የኤሌክትሪክ አገልግሎቱን ቆጣሪ ሳትነኩ ከእሱ ወዲህ የሚገጠም ነው። ስምምነቱ በወረቀት ይሁን፣ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ያለውን የቆጣሪ ቁጥርም ጻፉበትና ሁለታችሁም በዚያው ቀን ፈርሙ።